ካርድ ቁጥር ሠላሳ አንድ

ፅጌ የብረቱን በር ሁለት ጊዜ ስታንኳኳ ከውስጥ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ «ሥጋ የለም» አላት።

«ሥጋ ፈልጌ አይደለም።»

«የመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ባለፈው ከቀበሌ የመጣችውም ልያቸው ብቻ ብላ ገብታ ሁለቱን በጆሯቸው አንጠልጥላ ልትወጣ ነበር። ጥንቸል አርቡ፣ ጥንቸል ብሉ ተብሎ በሬዲዮ መነገሩን ሰምቻለሁ። እነዚህ ግን የሚበሉ አይደሉም፤ በሽተኞች ናቸው። ከሴቶች ማኅበር ከሆንሽ ሂጂና ይህንኑ ንገሪያቸው።»

ፅጌ ደጅ ቆማ ምን እንደምትመልስ አሰበች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መናገር ከልጅነቷ ጀምሮ ይከብዳታል። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ስትማር አንድም ቀን እጅዋን አውጥታ ጠይቃ አታውቅም። በመጨረሻ የምደባ ደብዳቤዋን ከቦርሳዋ አውጥታ በበሩ ሥር አሾለከችው። ሽማግሌው ወረቀቱን አንስተው፣ በመሠረተ ትምህርት እንደተማሩት ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠሩ ማንበብ ጀመሩ። «የ... ላ... ቦ... ራ... ቶ... ሪ...»  በሩ ተከፈተ።

«ምነው ልጄ፣ ቀድመሽ አትናገሪም ኖሯል?»

«አላስጨረሱኝም።»

«እሱስ እውነትሽን ነው። ባዬ እባላለሁ፤ የእነዚህ ጥንቸሎች ሞግዚት በይኝ። በይ ግቢ፣ ዶክተር በኃይሉ ሲመጣ ደጅ ቆመሽ እንዳያገኝሽ።»

ስሙን ስትሰማ የቦርሳዋን ማንገቻ አጥብቃ ያዘች። ጋሽ ባዬ የፈራች መሰላቸው። «አይዞሽ፣» አሏት፣ «ሰው አይበላም።»

ጊዜው ጥቅምት 1978 ነው። የምርምር ጣቢያው አዋሳ ውስጥ ወደ ጉዱማሌ ሜዳ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ፣ ቀድሞ የአንድ ነጋዴ መጋዘን የነበረና በኋላ የተወረሰ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ነው። ሦስት ክፍል አለው። በአንዱ ሠላሳ ስድስት የሽቦ ጎጆዎች ተደርድረዋል፤ ሁለተኛው ቀዶ ጥገና የሚደረግበት ነው፤ ሦስተኛው ጽሕፈት ቤትም መሰብሰቢያም ሆኖ ያገለግላል። የሚሠራው ሥራ ደግሞ አንድ ነው፤ ሰውን የሚገድለውን የደም መመረዝ በጥንቸል ላይ አምጥቶ፣ ሕክምናው ከስንት ሰዓት በፊት ቢጀመር እንደሚያድን ማወቅ።

ፅጌን እዚህ ያመጣት ዕጣ አይደለም። ምሩቃን ሲመደቡ የደረሳት ሐረር ነበር። አዋሳ የደረሳት ጫልቱ የምትባል የክፍሏ ልጅ ናት፤ የጫልቱ እናት ደግሞ የምትኖረው ሐረር ነው። ፅጌ ሄዳ እንለዋወጥ ስትላት ጫልቱ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት፣ «ምን ነካሽ፣ እንዲህ ደግ የሆንሽልኝ?» አለቻት።

«ሐይቅ አይቼ አላውቅም» አለች ፅጌ።

ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት በፋኩልቲው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የዶክተር በኃይሉን ስም ከአዲሱ ጣቢያ ስም ጋር አንብባ ነበር። ስሙን የምታውቀው ከአንድ ካርድ ላይ ነው።

ካርዱ የእህቷ የሙሉዬ ነበር። ሁለቱ በእናት አንድ ሆነው በአባት ስለሚለያዩ የአባታቸው ስም አይገናኝም፤ ስማቸውን ጎን ለጎን ያየ ሰው እህትማማች ናቸው ብሎ አይጠረጥርም። በሰኔ 1974 ሙሉዬ በምታስተምርበት የወረዳ ከተማ ወለደች። በማግሥቱ አተኮሳት። በዚያው ቀን፣ ዓርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ተወሰደች። ተረኛው ሐኪም አልጋዋ አጠገብ ቆሞ አያትና፣ በካርዷ ላይ «ክትትል ይደረግ» ብሎ ጽፎ፣ ከነስሙ ፈርሞ ወጣ። የተመለሰው እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። በመካከሉ ወርቄ የምትባል ነርስ በየስድስት ሰዓቱ ሙቀቷን፣ የልብ ምቷንና ትንፋሿን እየለካች ጽፋለች። ከስድስቱ መስመሮች በሦስቱ ግርጌ «ተረኛው ሐኪም ተጠርቷል፤ አልመጣም» የሚል አለ። እናታቸው ወይዘሮ ተዋበች ዘበኛውን ሐኪሙ የት ነው ብለው ቢጠይቁት፣ «ቢሊያርድ ቤት ነው እማማ፣ ውድድር አለበት» አላቸው። እሑድ ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ ለእናትየው የተናገረው፣ «ዘግይታ ነው የመጣችው» የሚል ብቻ ነበር። ሙሉዬ እኩለ ቀን ላይ አረፈች። ወርቄ ልብሷን ስታስረክብ ካርዱን በቀሚሱ ጠቅልላ ለእናቲቱ ሰጠቻቸው። «እዚህ ከቆየ ነገ ይጠፋል፣» አለቻቸው፣ «እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ።»

ሕፃኗ ተርፋለች። አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል። እናትሽ የት አለች ሲሏት ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ፎቶግራፍ ትጠቁማለች።

ፅጌ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ያንን ሠላሳ ስምንት ሰዓት በዚህ ሰው ስም ማስጻፍ። እንዴት እንደሚሆን ግን ስትመጣ አላወቀችም። ሻንጣዋ ውስጥ ካርዱን፣ ሁለት ቀሚስና የተልባ እግር ሻሽ ይዛ መጣች፤ ምሥራቅ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች፤ በማግሥቱ ሥራ ጀመረች።

ዶክተር በኃይሉ አርባ ያልሞላው፣ ሁልጊዜ ሳሙና ሳሙና የሚሸት፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ሰው ነበር። ፅጌ በአፏ እርስዎ ትለዋለች፤ በልቧ አንድም ቀን ብላው አታውቅም። ጥናቱን በመጋቢት ከአዲስ አበባ ለሚመጣው ኮሚቴ አቅርቦ ካለፈለት ለከፍተኛ ትምህርት ቡዳፔስት ይሄዳል። ይህን በመጀመሪያው ቀን ራሱ ነገራት።

«ሞዴል ማለት ገብቶሻል?» አላት በዚያው ሳምንት። «በሰው ላይ የሚመጣውን እኛ በመረጥነው መጠን በእንስሳ ላይ ማምጣት ነው። የታመመ ሰው ሲመጣልሽ መቼ እንደጀመረው አታውቂም። ቤተ ሰብ ይዋሻል፤ ነርስ ትረሳለች። እዚህ ግን ዜሮ ሰዓትን አውቃለሁ። ሙቀቱ ከመደበኛው አንድ ዲግሪ ሲያልፍ፣ ያ ዜሮ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ዘግይቶ ነው የመጣው ሊለኝ አይችልም።»

ፅጌ ጎንበስ ብላ የብርጭቆ ዕቃዎቹን መጥረግ ቀጠለች። የምትጠርገው ብልቃጥ መድረቁን ያየችው ቆይታ ነው።

ሥራው እንዲህ ነበር። ጥንቸሏ በማደንዘዣ ትተኛለች፤ ሆዷ ይከፈታል፤ ዕውር አንጀት የሚባለው ጫፍ በክር ታስሮ በመርፌ ይበሳል፤ ሆዷ ተመልሶ ይሰፋል። ከአንጀት የሚያመልጠው ቆሻሻ ቀስ በቀስ ደም ውስጥ ይገባል። ችግሩ ሕመሙ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነበር። በአንዱ ሳምንት ሁሉም ባንድ ቀን ያልቃሉ፤ በሌላው ሳምንት ሁሉም ጎመናቸውን እየበሉ ይነሣሉ። ዶክተር በኃይሉ በመርፌው፣ በክሩ፣ በሐይቁ ነፋስ ሳይቀር አሳበበ። ፅጌ ሁለት ሳምንት ዝም ብላ አይታ ሁለት ነገር አገኘች። አንደኛ፣ እሱ ክሩን የሚያስረው በዓይኑ ገምቶ ነው። ሁለተኛ፣ ጋሽ ባዬ ነገ የሚቀደዱትን ጥንቸሎች «ምናልባት የመጨረሻ እራታቸው ነው» እያሉ ሌሊቱን እስኪጠግቡ ያበሏቸዋል። ክሩ በማስመሪያ ተለክቶ እንዲታሰር፣ እራታቸውም እኩል እንዲሆን በወረቀት ጽፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ በኋላ ሕክምና ካልተደረገላቸው ከአሥር ጥንቸል ስምንት ዘጠኙ በሦስት ቀን ውስጥ ይሞቱ ጀመር። ሞዴሉ ተሳካ። ፅጌ ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም በራሷ ተናደደች።

እያንዳንዷ ጥንቸል ካርድ አላት። ጥንቸል ከጥንቸል መደበኛ ሙቀቷ ስለሚለያይ ዶክተር በኃይሉ የሚያስጽፈው ሙቀቱን ሳይሆን ከራሷ መደበኛ ስንት እንደጨመረ ነው፤ የልብ ምትና ትንፋሽም በመቶኛ ይጻፋል። በዚህ ዘዴው በጣም ይኮራል። «በዚህ ዓይነት ዝሆንም ብታመጪልኝ ከጥንቸል ጋር አወዳድረዋለሁ» ይል ነበር።

ጋሽ ባዬ ለጥንቸሎቹ ስም አወጡላቸው። ሠላሳ አንደኛው ጎጆ ውስጥ የነበረውን ወፍራም፣ ሌሎቹን ገፍቶ የሚበላ ነጭ ጥንቸል «ሊቀመንበር» አሉት፤ የቀበሌያቸውን ማለታቸው ነው። ሊቀመንበር ተራው ሳይደርስ በኅዳር ሆዱን አሞት ሞተ። ጋሽ ባዬ ጠዋት ፅጌን በር ላይ ጠብቀው፣ «ልጄ፣ ሊቀመንበር አርፏል» አሏት።

«ጋሽ ባዬ፣ ድምፅዎን ይቀንሱ።»

«ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

ፅጌ አዋሳ ከመጣች ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ሠላሳ አንደኛው ጎጆ ባዶውን ቀረ።

በታኅሣሥ ዶክተር በኃይሉ የአንዲት የታመመች ጥንቸል ሆድ እየከፈተ ሳለ መርፌው አመልካች ጣቱን ወጋው። ጓንቱን አውልቆ ጣቱን ወደ ፅጌ ዘረጋ። አንዲት የደም ነጥብ ትታያለች። ፊቱ ነጥቶ ነበር። ፅጌ ያ መርፌ ምን እንደያዘ ከማንም በላይ ታውቃለች። ጣቱን በሳሙናና በውሃ ረጅም ሰዓት አጠበችው፤ ደሙን እየጨመቀች አወጣች፤ በአልኮል ጠረገችው። እያጠበች አንድ ነገር ብቻ ታስብ ነበር፤ ይህ ሰው ዛሬ በሕመም ቢሞት ሬሳው በክብር ይሸኛል፤ ጓዶቹ ንግግር ያደርጉለታል፤ ሠላሳ ስምንቱ ሰዓት ማንም ሳያውቀው አብሮት ይቀበራል። እጁን ያጠበችው ለዚህ ነው።

በሚቀጥሉት ሦስት ቀናት በየሰዓቱ ሙቀቱን ያስለካት ጀመር።

«ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስድስት ከስምንት።»

«ደግመሽ ለኪ።»

ደግማ ለካች። «ሠላሳ ስድስት ከስምንት።»

«መድኃኒቱን ግን እጀምራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር እስኪለይለት አይጠበቅም» አለ።

«አዎ፣» አለች ፅጌ፣ «አይጠበቅም።»

ሌላ መንገድ እንዳለ ታውቅ ነበር። ቀበሌ ሄዶ ይህ ሰው ስለ አብዮቱ እንዲህ ብሏል ማለት ይበቃል፤ ብዙ ሰው በዚያ መንገድ ጠላቱን ጨርሷል። እሷ ግን ባልሠራው እንዲጠየቅ አልፈለገችም። ባልሠራው ከተጠየቀ የሠራው ነጻ ይወጣል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ መውጫ በፊት ግምገማ አለ። ዶክተር በኃይሉ ከሳጥኑ አንድ ካርድ ያስወጣና ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ሸፍኖ፣ መስመሩን ብቻ አንብቦ ለእንስሳዋ ምን እንደተደረገላትና ምን እንዳልተደረገላት ይናገራል። አይሳሳትም። ሠራተኞቹ በሹክሹክታ «ችሎት» ይሉታል። በጥር ሁለተኛው ቅዳሜ የወጣው ካርድ ላይ አንድ የስድስት ሰዓት መስመር ባዶ ነበር።

«ተረኛው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አሉ ጋሽ ባዬ።

«ጌታዬ አይባልም። ጓድ ነው የሚባለው።»

«እሺ ጓድ ጌታዬ። ጎረቤቴ አርፎ ቀብር ቆሜ ነው። ስመለስ ሰዓቱ አልፏል።»

ሰው ሳቅ አለ። ዶክተር በኃይሉ አልሳቀም። «አንድ ፍጡር ታምሞ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዞር ብሎ ያላየው ሰው፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «በሽተኛ ባለበት ቤት በር ማለፍ የለበትም። ሁለተኛ ቢደገም በአሻጥር ነው የማስመዘግብዎ።»

 በዚያን ዓመት በአሻጥር የተመዘገበ ሰው ወዴት እንደሚላክ ሁሉም ያውቃል። ፅጌ አንገቷን ደፍታ የሰማችውን ቃል በቃል በደብተሯ ጻፈች። ስትጽፍ እጅዋ ቆመ። መንገዱ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ አየችው።

በየካቲት ጥናቱ አለቀ። ሠላሳ ጥንቸሎች፣ ሦስት ቡድን። ሕክምናው ከዜሮ በኋላ በስድስት ሰዓት ከተጀመረላቸው አሥር ጥንቸሎች ስምንቱ ዳኑ፤ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከተጀመረላቸው አምስቱ፤ በሃያ አራት ሰዓት ከተጀመረላቸው አንዷ ብቻ። ፅጌ ሠንጠረዡን ሦስት ጊዜ አመሳከረች። አንዲት ቁጥር አልነካችም። ሥራው እውነት ነው፤ ነገ አንዲትን እናት ሊያድን ይችላል። እውነት ካልሆነ ደግሞ ለእሷም አይጠቅማትም።

ከዚያ አንድ ባዶ ካርድ ወስዳ ራስጌው ላይ «31» ብላ ጻፈች። የእህቷን ካርድ አጠገቡ አስቀምጣ፣ የሰው መደበኛ ሙቀት ሠላሳ ስድስት ከስምንት ብላ ይዛ፣ መስመር በመስመር ቀነሰች፤ የልብ ምቱንና ትንፋሹንም በመቶኛ አወጣች። ዓርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ዜሮ ሆነ። «ተረኛው ሐኪም ተጠርቷል» የሚለውን «ተረኛው ተጠርቷል» አለችው። ሌላ የለወጠችው ነገር የለም። ካርዱን በሳጥኑ ውስጥ ከሠላሳኛው ኋላ አስገባችው። አስባ የነበረው ኮሚቴው ፊት አንብቦ ፍርዱን ከሰጠ በኋላ ዋናውን ካርድ ያለ ምንም ንግግር በሰብሳቢው እጅ ልታስቀምጥ ነው። መናገር ያለበት እሱ ብቻ ነበር።

ኮሚቴው በመጋቢት መጀመሪያ ከአዲስ አበባ መጣ። ሰብሳቢው ዶክተር ታደሰ የሚባሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ሲያዳምጡ ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ናቸው። ከእሳቸው ጋር ሁለት ሐኪሞችና አንድ የፓርቲ ተወካይ አሉ። የጣቢያው ጸሐፊ ሙህዲን ቃለ ጉባኤ ይይዛል። ሠራተኞቹ ከኋላ በወንበር ተደርድረዋል፤ ጋሽ ባዬ ኮት ለብሰዋል። የሐይቁ ነፋስ የቆርቆሮውን ጣሪያ እያንኳኳ ዶክተር በኃይሉ አንድ ሰዓት ያህል ተናገረ። ጥሩ ተናገረ። ሲጨርስ የፓርቲው ተወካይ እንኳ ራሱን ነቀነቀ።

«መዝገብ አያያዛችንን ለማየት ከፈለጋችሁ፣» አለ ፈገግ ብሎ፣ «የወደዳችሁትን ካርድ አስወጥታችሁ ፈትኑኝ። ፅጌ፣ እስቲ አንዱን አምጪ።»

ፅጌ ወደ ሳጥኑ ሄዳ ካርዱን አውጥታ ሰጠችው።  

እንደ ልማዱ ቁጥሩን በአውራ ጣቱ ሸፈነ። «ዜሮ ሰዓት» ብሎ ጀመረ። «ከመደበኛዋ አንድ ከአምስት በላይ። ትእዛዙ ክትትል ይደረግ ይላል። መልካም። ስድስት ሰዓት፣ ሁለት ከአንድ በላይ፤ ትንፋሽ በስድሳ በመቶ ጨምሯል። እዚህ ላይ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ደም ውስጥ ገብቷል። የስድስት ሰዓት ቡድን ናት ማለት ነው፤ ፈሳሽና መድኃኒት እዚሁ ተጀምሮላት...» ቆመ። «አልተጀመረላትም።»

ዶክተር ታደሰ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን ይላል?»

«ተረኛው ተጠርቷል፤ አልመጣም ይላል።»

«ይቀጥሉ።»

«አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ከአራት በላይ። ልብ በሰባ በመቶ። ተረኛው ተጠርቷል፤ አልመጣም። አሥራ ስምንት ሰዓት...» ጆሮው ቀልቷል። «ሃያ አራት ሰዓት። ተጠርቷል፤ አልመጣም። ሠላሳ ሰዓት፣ ሙቀቷ ከመደበኛው በታች ወርዷል፤ ሠላሳ ስድስት ሰዓትም እንዲሁ። ይህ ማለት ሰውነቷ እጅ ሰጥቷል። ሠላሳ ስምንት ሰዓት ላይ ተረኛው መጣ። አርባ ሁለት ሰዓት፣ ሞተች።»

 የፓርቲው ተወካይ ብዕሩን አነሣ። ዶክተር በኃይሉ ተወካዩን አየ፣ ሰብሳቢውን አየ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጓዶች፣ ይህን አልደብቅም። በሥራዬ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታገሥም። ይቺ እንስሳ መዳን ትችል ነበር፤ ቁጥሮቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከአሥር ስምንት ዕድል ነበራት። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ያልመጣ ሰው ቸልተኛ አይባልም። ይህ መግደል ነው። ሙህዲን፣ ያልኩትን እንዳለ በቃለ ጉባኤው ያዝልኝ፤ ተረኛውም በስሙ ተጽፎ ለሚመለከተው ክፍል እንዲተላለፍ እጠይቃለሁ። ማን ነበር ተረኛው?»

 ዶክተር በኃይሉ ወደ ኋላ ወንበሮች ተመለከተ። ፅጌ ዋናውን ካርድ ከቦርሳዋ ልታወጣ እጅዋን ስትሰድ ጋሽ ባዬ አዩዋት። ፊቷ ነጥቶ ነበር። ጥፋቱን የሠራችው እሷ መሰለቻቸው። ቀስ ብለው ተነሡና የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

«እኔ ነኝ ጓድ» አሉ።

«ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረውኝ ነበር። ሽማግሌ ነኝ፤ እንቅልፍ ወሰደኝ።»

«ሙህዲን፣ ጻፍ። ባዬ...»

«ጋሽ ባዬ አይደሉም» አለች ፅጌ።

ድምፅዋ ትንሽ ስለነበር ሙህዲን አልሰማትም፤ መጻፉን ቀጠለ። ፅጌ ተነሣች። ሃያ ሰው ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። የፊተኛውን ወንበር መደገፊያ ያዘች።

«ጋሽ ባዬ አይደሉም፣» አለች እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ሁሉም ሰማት። «የጋሽ ባዬን ስም ይሰርዙት። ሠላሳ አንደኛው ጎጆ ከኅዳር ጀምሮ ባዶ ነው። ቁጥር ሠላሳ አንድ ጥንቸል አይደለችም።»

«ምን ትላለች ይቺ?» አለ ዶክተር በኃይሉ።

ፅጌ በወንበሮቹ መካከል አልፋ ሄዳ፣ በመታጠፉ ብዛት ማዕዘኑ የተበላውን ካርድ በዶክተር ታደሰ ፊት አስቀመጠች። «ዜሮ ሰዓት ላይ የፈረመው ሰው ተረኛው ነው» አለች።

ዶክተር ታደሰ መነጽራቸውን አደረጉ። ከላይ ጀምረው ቀስ ብለው አነበቡ፤ ስም፣ ዕድሜ ሃያ ስድስት፣ ሥራ መምህርት፣ የወለደችበት ቀን። ሙቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ ከሌላው ካርድ ጋር መስመር በመስመር አስተያዩት። ከዚያ ሁለቱን ካርዶች አዙረው ወደ ዶክተር በኃይሉ ገፉለት።

«ፊርማው የማን ነው?»

ዶክተር በኃይሉ ካርዱን አላነሣውም። ቆሞ አየው። ጣቱ ወገቡ ላይ ያለውን የነጭ ካፖርቱን ቀበቶ ሲፈልግ ፅጌ ታየዋለች፤ ያቺ እሷ ያጠበቻት ጣት ናት።

«ይቺ ሴት፣» አለ በመጨረሻ፣ «ዘግይታ ነው የመጣችው።»

«አሁን ከአሥር ስምንት ዕድል ነበራት ብለው ነበር እኮ» አሉ ዶክተር ታደሰ።

«ጥንቸል መስሎኝ ነዋ።»

ይህን ካለ በኋላ ምን እንዳለ ራሱም የሰማው ይመስል አፉን ዘጋ። ከኋላ አንድ ሰው ወንበሩን አንቀሳቀሰ። ዶክተር ታደሰ ወደ ሙህዲን ዞሩ።

«እስከ የት ጽፈሃል?»

«ይህ መግደል ነው፣ እስከሚለው፤ ከዚያም ተረኛው በስሙ ተጽፎ ለሚመለከተው ክፍል እንዲተላለፍ ተጠየቀ፣ እስከሚለው። ከዚያ የጋሽ ባዬ ስም አለ።»

«ስሙን ሰርዝና በካርዱ ላይ ያለውን ጻፍ። ሌላ ቃል እንዳትጨምር፤ እንዳትቀንስም።»

ሙህዲን ሰረዘ፤ ጻፈም። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ዶክተር በኃይሉ ፅጌን አያት፤ አምስት ወር ሙሉ አብራው ስትሠራ እንዲህ ትክ ብሎ አይቷት አያውቅም።

«ምንሽ ናት?»

«እህቴ ናት።»

«ታዲያ ምነው በመጀመሪያው ቀን አልነገርሽኝ?»

«ሥራዎን እስኪጨርሱ ጠበቅሁ፣» አለች ፅጌ፣ «ስንት ሰዓት እንደሚያድን እኔም በእርግጠኛነት ማወቅ ፈልጌ ነበር።»

ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። እርካታው ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ መጣም፤ ግን እንዳሰበችው ትኩስ አልነበረም፤ የቀዘቀዘና ከባድ ነበር፤ ቢሆንም የእሷ ነበርና አልጠላችውም። ጋሽ ባዬ አጠገቧ መጥተው ተቀመጡ።

«አንቺ የሠራሽው ጥፋት መስሎኝ እኮ ነው፣» አሏት ቀስ ብለው፣ «አበላሸሁብሽ እንዴ?»

«አላበላሹም ጋሽ ባዬ።»

«ወይ ልጄ። በዚያች ጎጆ ውስጥ ይቺን ይዘሽ ነው እንዴ የከረምሽው?»

ፅጌ ቦርሳዋን ዘጋች። ቃለ ጉባኤው ተነብቦ አራቱ የኮሚቴ አባላት ፈረሙበት፤ ዋናው ካርድ አብሮት ተያያዘ። የጥንቸሎቹ ጥናት በሠላሳ እንስሳት የተሠራ ተብሎ ጸደቀ። ለዶክተር በኃይሉ የተያዘው የቡዳፔስት ቦታ ለሌላ ሐኪም ተሰጠ፤ እሱም በሚያዝያ ከሥራ ታግዶ ጉዳዩ ለመርማሪ ተላለፈ። ፅጌ ኮሚቴው በሄደ በማግሥቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ገባች፤ ጋሽ ባዬ ጎመን ሲያከፋፍሉ ከሠላሳ ሁለተኛው ጎጆ ጀምራ ጥናቱ ውስጥ ያልገቡትን የአምስቱን ጥንቸሎች ሙቀት ለክታ መዘገበች።